ፓትሮን እና የእኔ ልክ

ይድረስ ለምወድህና ለምሳሳልህ ወንድሜ ለአምሳሉ በላቸው፣ ካለህበት ጅቡቲ።

ወንድምዓለም፣ ለጤናህ እንዴት ነህ? ሙቀቱስ እንዴት ይዞሃል? እዚያ ከገባህ ወዲህ የጀመረህ የወገብ ሕመም ተወህ ወይስ አሁንም ስታጎነብስ ትይዘዋለህ? እንቅልፍ ይወስድሃል? ምግቡስ ተስማማህ? ጾሙን ከዚያ ሁሉ ወበቅ ጋር እንዴት እየጾምከው ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። አባታችንም እናታችንም ታናሻችን መቅዲም ደኅና ናቸው። ደኅና ናቸው ስልህ በእግራቸው ቆመው ይሄዳሉ ማለቴ ነው፤ የቀረውን ወደ ታች ታነበዋለህ። ይህን ሁሉ ጥያቄ በተርታ የጠየቅኩህም ለወጉ ብቻ አይደለም። የሰላምታን ነገር በዚህ ደብዳቤ ውስጥ እንደገና አነሣዋለሁና ልብ ብለህ ያዝልኝ።

የወረቀቱ ቅርጽ አይግረምህ። አንዱ ገጽ እንደ ክንድ ረዝሟል፣ ሌላው ከላይ ጎድጎድ ብሎ ተቆርጧል። ደብተር አጥታ ነው እንዳትል። ምክንያቱን እስክነግርህ ድረስ ሳትገለብጥ አንብብልኝ። የሚያደርስልህ የአክስታችን ልጅ ጌቱ ነው። መኪናውን ጭኖ ወደ ወደቡ ሲያልፍ ደጀን ላይ ጠብቄ በእጁ እሰጠዋለሁ፤ በአንተ እጅ ካልሆነ ለማንም እንዳይሰጥም አስምለዋለሁ። በስልክ ያልነገርኩህ ስልክህን ብቻህን ሆነህ እንደማታነሣው ስለ ገባኝ ነው።

ከተበደልኩበት ልጀምር። በቅበላው ሳምንት ከደብረ ማርቆስ ወደ ቤት ሄጄ ሳለ ሽማግሌዎች መጡ። የነፍስ አባታችን አባ ዘማርያም ከፊት፣ ሌሎቹ ከኋላ ሆነው በራችን ላይ ቆሙ። አባታችን ግቡ ብለዋቸው ገቡ እንጂ አልተቀመጡም፤ ጉዳያቸውን በቁማቸው ተናገሩ። «ልጅዎን ለልጃችን» ሲሉ ልጃችን የሚሉት ማን እንደሆነ ለመስማት ከጓዳ ጆሮዬን ጣልኩ። ሰውየው ያው አሠሪህ ደርቤ ነው። አባታችንን በዕድሜ የሚስተካከል ሰው ልጃችን ሲባል ሳቄ መጥቶ ነበር። አባ ዘማርያም ደግሞ ደርቤ ብለው እንኳ አልጠሩትም። ዳዊት ከእጃቸው የማይለይ ሰው «ፓትሮን፣ የደብራችን አለኝታ» አሉት።

ይህን ስም ወደ መንደራችን ያስገባኸው አንተ ነህ። በደወልክ ቁጥር ፓትሮን ከእስር አስፈታኝ፣ ፓትሮን የመኖሪያ ፈቃድ አወጣልኝ፣ ፓትሮን ከሰው ቆጠረኝ ስትል እናታችን ቃሉን እንደ ጸሎት ያዘችው። ቀጥሎ ሰውየው ራሱ ለንግሥ መጣና ቤተ ክርስቲያኑን አዲስ ቆርቆሮ አለበሰ። ደጀን ላይ ሆቴል ከፍቶ ፓትሮን አለው። በከባድ መኪኖቹ ግንባር ላይ አጻፈው። ዛሬ ገበያ ላይ ጉልበተኛ በሬ የሚሸጥ ሁሉ «ይኼ ፓትሮን ነው፣ ንካውና እየው» ይላል። የማዶው ጎረቤታችን ሕፃኑን በዚሁ ስም ሊጠራ ብሎ ሚስቱ ናት በልቅሶ ያስተወችው። ምን ማለት ነው ብትላቸው አንዱም አያውቅም። ትልቅ ሰው ማለት ይመስላቸዋል።

አባታችን ወዲያው እሺ አላሉም፤ ለእውነት እንመስክርላቸው። «ሰውየውን የሚያውቀው ልጄ ነው፤ እሱን ልጠይቀው» አሉና ደወሉልህ። ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርገው ስልኩን መደቡ ላይ አስቀመጡት። አንተ አምሳሉ፣ ስትደውል የእናታችንን ጉልበት፣ የዳልቻዋን ላም ወተት፣ የውሻውን እግር፣ የጎረቤቱን ሁሉ በየስሙ እየጠራህ ሳትጨርስ ካርድህ የሚያልቅብህ ሰው፣ ያን ቀን ያልከው ምን ነበር? «አባቴ፣ ሰውየው ደግ ነው፤ እሺ በሏቸው።» ከዚያ ዘጋኸው። እንዴት ናችሁ እንኳ አላልክም። አባታችን «ልጄ ቁም ነገረኛ ሆኗል» ብለው ደስ አላቸውና ሽማግሌዎቹን ተቀመጡ አሏቸው። እኔ ግን ከጓዳ ሆኜ ልዩነቱን ሰማሁት። ድምፁ የአንተ ነበር፤ ንግግሩ ግን አጠገብህ የቆመ ሰው ንግግር ነበር።

ያኔ ከጓዳ ወጣሁ። ጋብቻ የሚጸናው በሁለቱ ፈቃድ እንደሆነ፣ የእኔ ፈቃድ እንደሌለበት፣ ሕግ የተማርኩትም ለጌጥ እንዳልሆነ ነገርኳቸው። አንደኛው ሽማግሌ ጭራውን እያወዛወዘ «ሕጉ ያለው ደብረ ማርቆስ ነው ልጄ፤ እዚህ ያለነው እኛ ነን» አለኝ። ሌላው «የተማረች መጀመሪያ እንቢ ትላለች፤ ደስ ሲላት ነው» ብሎ አሳቃቸው። አባታችን ቀና ብለው አላዩኝም። ቀኑ ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆረጠ፤ ያን ቀን መጥተው የአባታችንን የመጨረሻ ቃል ተቀብለው ሠርጉን ይደግሳሉ። እስከዚያ የሚጠብቀኝ ጾሙ ብቻ ነው። ደብረ ዘይትም አለፈ።

ወደ ደብረ ማርቆስ ከተመለስኩ ጀምሮ ከተከራየሁበት ቤት ማዶ አንዲት ነጭ ፒክአፕ ትቆማለች። ግንባሯ ላይ የተጻፈውን አልነግርህም፤ ታውቀዋለህ። ውስጧ ያለው ሰውዬ ወርዶ አያውቅም። ጫት አይቅም፣ ሙዚቃ አይከፍትም፣ መስታወቱን ዝቅ አድርጎ ያያል። አከራዬ እየፈራች «ባለመኪናው መውጫ መግቢያሽን ይጠይቀኛል፤ ምን ልበለው?» አለችኝ። «እኔን ይጠይቀኝ በዪው» አልኳት። እስካሁን አልጠየቀኝም። በጾም መካከል አይነኩኝም ብዬ አስባለሁ፤ ግን በጾም መካከል ይህን ማሰቤ ራሱ ያናድደኛል።

ይህን ሁሉ ችዬ ሳለ ነው የጃኬቴ ዚፕ ተበላሽቶ ልብስ ሰፊው ታዲዮስ ዘንድ የሄድኩት። እዚሁ ደብረ ማርቆስ ገበያው ዳር ያለው፣ የአንተንም የተማሪ ቤት ሱሪ የሰፋው ታዲዮስ ማለቴ ነው። አሁንም ግድግዳው ላይ ሚስማር ደርድሮ የደንበኞቹን ልክ በወረቀት እየቀደደ ይሰቅላል። ማን ወፈረ፣ ማን ከሳ፣ ማን አረገዘች ከሐኪም ቀድሞ ያውቃል። ስገባ መርፌ በአፉ ይዞ ነበር። አየኝና አውጥቶት «ሙሽሪት፣ ለመሞከር ቸኮልሽ። ጥልፉ እንኳ አልተጀመረም» አለኝ።

«ምኑን ነው የምሞክረው?» ስለው ፊቱ ተለወጠ። ሳያስበው ዓይኑ ወደ አንዱ ሚስማር ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት። ቡናማ ወረቀት ነው፤ ደረቱ ለብቻ፣ ጀርባው ለብቻ፣ እጅጌው ለብቻ ተቀድዶ ተሰቅሏል። ላዩ ላይ በእርሳስ ፓትሮን ተብሏል፤ ያዘዘው ሰው ስም መሆኑ ነው። አወረድኩና ደረቴ ላይ አስደገፍኩት። አንገቱ አንገቴ ላይ አረፈ። ወገቡ ወገቤ ላይ መጣ። የግራ ትከሻዬ ከቀኙ ዝቅ ማለቱን እናታችንና እኔ ብቻ የምናውቀው ይመስለኝ ነበር፤ ወረቀቱም ያውቀዋል። ማንም ሜትር ሳያሳርፍብኝ ሚስማር ላይ ተሰቅዬ ከርሜአለሁ።

«ከየት አመጣኸው?» አልኩት። «እናትሽ ናት የምረቃ ቀሚስሽን ያመጣችልኝ፤ በሱ ላይ ነው የቀደድኩት። አውቀሻል ብዬ ነው እኮ እህቴ። ጥሎሽ በድብቅ ነው የሚሰፋው፤ ሙሽራ ያስደንቃታል» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ለሙሽራ የሚመጣ ልብስ ልኩ ከአሮጌ ልብሷ ይወሰዳል፤ የእኛም አክስቶች እንዲሁ ተሰፍቶላቸዋል። ብቻ እነሱ ማን እንደሚያሰፋላቸው ያውቁ ነበር። እናታችን ቀሚሱን ከሳጥኔ ስታወጣ ልታጥበው እንደሆነ ነበር የነገረችኝ።

ወረቀቱን ወደ በሩ ብርሃን ሳዞረው ከእኔ መስመር ሥር ሌላ የደበዘዘ መስመር አየሁ። የማን እንደሆነ ጠየቅኩት። «የፊተኛዋ ነው። የሰገነት» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ወረቀት ከማባክን ብዬ በሷ ላይ አስተካከልኩት። ትከሻሽ ሰፋ ይላል እንጂ አንድ ናችሁ።» ሁሉንም ጠቅልዬ ብብቴ ሥር ያዝኩት። «ኧረ ተዪ በናትሽ፤ ፓትሮን ቢጠይቀኝ ምን እለዋለሁ?» ሲለኝ «ባለቤቷ ወሰደችው በለው» ብዬው ወጣሁ።

እቤቴ መግባት አልቻልኩም። ጥቅሉን እንደያዝኩ ወደ መምህር አካለ ወልድ ሄድኩ። ድሮ ፈረንሳይኛ ያስተማሩ ጡረተኛ ናቸው፤ አሁን ፈረንሳይኛ የሚያናግሩት ድመታቸውን ነው ይባላል። ፓትሮን ምን ማለት ነው ብላቸው ሽፋኑ የወለቀ መዝገበ ቃላት አውጥተው በጣታቸው ወረዱ። «እህ፣ አንተ ብዙ ቤት አለህ» አሉት ቃሉን። «አንደኛ፣ አሠሪ፣ ጌታ፤ ሠራተኛ ቆቡን አውልቆ የሚጠራበት። ሁለተኛ፣ ጠባቂ ቅዱስ፤ አንድ አገር ወይም አንድ ሙያ በስሙ የሚማጠነው። የመርከብ አዛዥም፣ የመጠጥ ቤት ባለቤትም ይሉታል። ደግሞ» ብለው ብብቴ ሥር ያለውን አዩ፤ «ልብስ ሰፊ ጨርቁ ላይ አስቀምጦ የሚቀድበት ወረቀት።» ፈረንሳዮች ቃል ቆጣቢ ናቸው፣ አንዱን ሎሌ አምስት ቤት ያሠሩታል ብለው ሳቁ። እኔ ሳልስቅ ሲያዩኝ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሥሩ አባት ከሚለው ቃል ነው የመጣው ልጄ። ሥሩ እንኳ ደግ ነበር» አሉኝ።

ቃሉ ምንም አልበደለኝም ወንድምዓለም። ሰውየው ግን በየደረሰበት አንዱን ትርጉም ለብሶ ይገባል። አንተ ዘንድ አሠሪ ሆኖ መጣ። አባ ዘማርያም ዘንድ ቆርቆሮ ይዞ ቅዱስ ሆነ። እኔ ዘንድ ሲደርስ ወረቀትና መቀስ ሆነ። መዝገበ ቃላቱ ውስጥ ያልነበረ አንድ ትርጉም ደግሞ ቀርቶኝ ነበር፤ እሱን የሰማሁት ደብረ ወርቅ ሄጄ ነው።

ሰገነትን አንተ ታውቃታለህ። ደርቤ ከደብረ ወርቅ አጠገብ አግብቶ ጅቡቲ የወሰዳት፣ በኋላ ታማ ተመለሰች የተባለችው ናት። ከሚኒባሱ ወርጄ በእግር ነው ቤታቸውን ያገኘሁት። እናቷ በር ላይ ተቀብላኝ «ሙቀቱ ነው እንዲህ ያደረጋት፤ ቆላ ለደጋ ሰው አይሆንም። ከሰው ጋር አታወራም፣ አትድከሚ» አለችኝ። ሰገነት ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ፣ ፊቷን ወደ በሩ አድርጋ ተቀምጣለች። በሩ ገርበብ ሲል ተነሥታ ወለል አድርጋ ትከፍተዋለች፤ ተመልሳ ትቀመጣለች። ወረቀቱን ጭኗ ላይ ዘረጋሁት። የደበዘዘውን መስመር በጣቷ ተከትላ ትከሻው ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ቁልፉን የሚይዘው እሱ ነው» አለች። እናቷ የያዘችውን ሰፌድ ለቀቀችው። «መስኮቱን በብሎኬት ደፍኖታል። ሲሄድም ይቆልፋል፤ ሲመጣም ይቆልፋል።» ማን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። የአምሳሉ እህት ነኝ አልኳት። ፊቴን ደህና አድርጋ አየችው። «አምሳሉ በሩ ላይ የሚቀመጠው ነው። በበሩ ሥር ውሃ ያስገባልኝ ነበር። ክፈትልኝ ስለው ያለቅሳል። አይከፍትም።»

ወንድምዓለም፣ የፓትሮንን ቤት እጠብቃለሁ ብለኸን ነበር። እናታችን ልጄ የሚታመን ሰው ሆነ ብላ ለጎረቤት ሁሉ ተናገረች። ከማን እንደምትጠብቀው አንዳችንም አልጠየቅንህም። እሺ በሏቸው ስትል ያ በር በዓይንህ ላይ አልነበረም? በዚያ በር ሥር ለእኔም ውሃ ልታስገባልኝ ነበር? ልሰድብህ ይህን ገጽ ሦስቴ ጀምሬ ሦስቴ ተውኩት። የምሰድበውን ሰው ሳስብ እያለቀሰ ውሃ የሚያስገባው ይመጣብኛል።

እናታችንን ስለ ቀሚሱ ጠይቄያታለሁ። አልካደችም። «እንቢ ካልሽ ልጄን ያሳስርብኛል። ፓስፖርቱ በእጁ ነው፤ ራሱ ነግሮኛል» አለችኝ። «እኔስ ልጅሽ አይደለሁም?» አልኳት። አልፈረድኩባትም ማለት ውሸት ነው፤ ፈርጄባታለሁ። ግን አሁን የሆነው ገብቶኛል፤ ሰውየው አንተን በእኔ፣ እኔን በአንተ አስሮናል። አንዳችን ካልፈታን ሁለታችንም አንፈታም።

ስለዚህ የምልህን ስማ። ፓስፖርቱን ተወው፤ መሳቢያው ውስጥ ይበስብስ። ጌቱ ጭነቱን እስኪያራግፍ ይቆያል፤ ከእሱ ጋር ኤምባሲ ሂድና በፓስፖርት ፈንታ የሚሰጠውን ወረቀት፣ ሊሴ ፓሴ አውጣ። መምህር አካለ ወልድን ጠይቄያቸው ይህም ፈረንሳይኛ ነው፤ ይለፍ ተዉት ማለት ነው አሉኝ። ከዚያ አገር ቋንቋ ለአንተ የሚበጅህ ቃል ይኼኛው ነው።

በሆሳዕና እሑድ እቤት እሆናለሁ። ከቅዳሴ በኋላ ደውል። ብቻህን ከሆንክና ለመምጣት ከቆረጥክ እንደ ድሮህ በተርታ ጠይቀን፤ ጉልበቱንም፣ ላሟንም፣ የውሻውንም እግር። ካርድህ ይለቅ። ሰው አጠገብህ ከቆመ ግን እንዳለፈው ቀጥታ ወደ ጉዳዩ ግባ፤ ይገባኛል። አልቀየምህም፣ ግን አልጠብቅህም።

ደወልክም አልደወልክም፣ በዳግማይ ትንሣኤ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ በሩ ላይ የማገኛቸው እኔ ነኝ። ሳይቀመጡ እነግራቸዋለሁ። ሰገነት ስሸኛት፣ ማለቴ እሷ እስከ አጥሩ ስትሸኘኝ፣ «እኔም እመጣለሁ፤ ቀሚሱን ለብሼ» ብላኛለች። ከዚህ ወረቀት ለእሷ የተሰፋላትን የሠርግ ቀሚስ ማለቷ ነው። እናቷ ትልቀቃት አትልቀቃት አላውቅም። ከመጣች አባ ዘማርያም ሁለታችንን ጎን ለጎን አይተው ለየትኛዋ እንደሚያማልዱ ይንገሩን። ካልመጣች ብቻዬን እቆማለሁ። ከዚያ በኋላ ስለሚሆነው አላውቅም። ፒክአፗ ዛሬም ቆማለች፤ ይህን ስጽፍ በመስኮቱ አያታለሁ፣ ታየኛለች።

አሁን ወረቀቱን ገልብጠው። የመጀመሪያው ገጽ የቀኝ እጅጌዬ ነው። ሁለተኛው ደረቴ ነው፤ እሺ በሏቸው ያልክበትን የጻፍኩት በጀርባው ነው። ይኼኛው ጀርባዬ ነው። ከመስመሬ ሥር ያለችውን ደብዛዛ መስመር ታገኛታለህ፤ እሷን ሳላስተዋውቅህ ታውቃታለህ። በዚህ ወረቀት ከእንግዲህ ማንም ጨርቅ አይቀድበትም። አቃጥለው ወይም ያዘው፤ ብቻ መልሰህ ለማንም አትስጠው።

አባታችን መጻፌን አያውቁም፤ ቢያውቁ ግን ጤናህን ጠይቂልኝ ከማለት ሌላ የሚሉት የላቸውም። እናታችን ስምህን ሳታነሣ እህል አትቀምስም፤ ከእኔ ጋር አትነጋገርም እንጂ ደኅና ናት። መቅዲ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ልትፈተን እየተዘጋጀች ነው፤ ልብስ ልክሽን ልውሰድ የሚል ሁሉ እንዳይነካት ነግሬያታለሁ፤ ሰላም በይልኝ ብላለች። ውሻው እግሩ ድኖ የሰውን ዶሮ እያሳደደ ያጣላናል። የማዶዎቹም ሁሉም በያሉበት ሰላም ይሉሃል። ዳልቻዋ ላም ወልዳለች። ወይፈን ይሁን ጊደር አልጽፍልህም። ደውለህ ጠይቀኝ።

እህትህ የብርጓል በላቸው
ደብረ ማርቆስ፣ መጋቢት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.